የእንኳን አደረሳችሁ ተንቀሳቃሽ ምስልን በጊምፕ ማረምና ማስዋብ፦ ዝርዝር መመሪያ

የአዲስ ዓመት ዋዜማ ሲደርስ በቴሌግራምና በዋትሳፕ ከምንለዋወጣቸው ተንቀሳቃሽ የመልካም ምኞት ምስሎች ብዙዎቹ አንድ ዓይነት ጉድለት ይታይባቸዋል፤ ጽሑፋቸው ይንቀጠቀጣል፣ የአደይ አበባው ዙሪያ በነጭ ነጠብጣብ ይታጠራል፣ እንቅስቃሴውም ዙሩን ጨርሶ ወደ መጀመሪያው ሲመለስ እንደተደናቀፈ ሰው ዘለል ይላል። እነዚህ ጉድለቶች ከሠሪው የሙያ ማነስ ይልቅ ሥራው ከተከናወነበት ቅደም ተከተል የሚመጡ ናቸው። ተንቀሳቃሽ ምስል ቦታ እንዳይፈጅ ተጨምቆ የተቀመጠ ነገር ስለሆነ፣ ልክ እንደ ሹሩባ መጀመሪያ ተፈትቶና ተበጥሮ፣ የሚስተካከለው ከተስተካከለ በኋላ መጨረሻ ላይ እንደገና መጎንጎን ይኖርበታል።

ይህን የተማርኩት በራሴ ስሕተት ነው። የመጀመሪያውን የእንቁጣጣሽ ምስል ሠርቼ ለቤተ ዘመድ በላክሁ በሰዓቱ ዱባይ የምትኖረው አክስቴ ደውላ «አንተ ልጅ፣ ጽሑፉ ብልጭ ይልና ይጠፋል፤ ስልኬ ተበላሽቶ ይሆን እንዴ?» አለችኝ። ስልኳ ደኅና ነበር፤ እኔ ጽሑፉን ያሳረፍሁት እንቅስቃሴውን ከሚሠሩት 12 ተከታታይ ምስሎች (ፍሬሞች) በአንዱ ላይ ብቻ ነበር።

በዚህ መመሪያ የምንሠራበት ምሳሌ ረከቦት ላይ ተቀምጣ እንፋሎቷ ሽቅብ የሚወጣ ጀበና ናት። ምስሉ በስልክ ከተቀረጸ አጭር ቪዲዮ ወደ ጂፍ (ወደ ተንቀሳቃሽ ምስል ፋይል) የተለወጠ፣ 15 ፍሬሞች ያሉት፣ እያንዳንዱ ፍሬም 100 ሚሊ ሰከንድ የሚቆይ ነው እንበል። በላዩ ላይ የአማርኛ ጽሑፍ፣ ጠርዝ፣ እንዲሁም በአንድ ጎን የሚወርዱ አደይ አበቦች እናክልበታለን። የራስዎ ቪዲዮ ከሌለዎት ባለቤቱ እንዲጠቀሙበት የፈቀደውን ምስል ይምረጡ።

የምንጠቀምበት ፕሮግራም ጊምፕ ነው፤ በነጻ የሚገኝ፣ በዊንዶውስ፣ በማክና በሊኑክስ ላይ የሚሠራ የምስል ማረሚያ ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ1995 በበርክሌይ ዩኒቨርሲቲ ሁለት ተማሪዎች የጀመሩት ነው። ሦስተኛው ትልቅ እትሙ እ.ኤ.አ. በማርች 2025 ወጥቷል። ከዚህ በታች ያለው አሠራር በእርሱም ሆነ ቀደም ባለው በ2.10 እትም ይሠራል፤ የአንዳንድ ምርጫዎች ቦታና ስም ግን ጥቂት ሊለይ ይችላል።

ጂፍ ምን እንደሚችልና ምን እንደማይችል

ጂፍ እ.ኤ.አ. በ1987 ኮምፒዩሰርቭ በተባለው የአሜሪካ ድርጅት የተፈጠረ የምስል ፋይል ነው። የፍሬም ቆይታና ግልጽነት (ከሥር ያለውን አሳልፎ ማሳየት) የተጨመሩለት በ1989 እትሙ ሲሆን፣ ሳያቋርጥ መደጋገምን ያመጣው ደግሞ በ1995 ኔትስኬፕ የተባለው የኢንተርኔት ማሰሻ ነው። ፈጣሪው ስቲቭ ዊልሂት ስሙ በ«ጂ» እንጂ በ«ጊ» እንዳይጠራ አጥብቆ ይናገር ነበር፤ እኔም «ጂፍ» ማለቴ ከዚህ የተነሣ ነው፣ ምንም እንኳ ጊምፕን በ«ጊ» እየጠሩ ጂፍን በ«ጂ» መጥራት ለአማርኛ ተናጋሪ ምላስ የማይመች ቢሆንም።

ዕድሜው የጫነበት ሦስት ገደቦች ሥራችንን ሁሉ ይወስኑታል። አንደኛ፣ አንድ ፍሬም ከ256 ቀለማት በላይ መያዝ አይችልም፤ ጊምፕ ደግሞ እነዚህን 256 ቀለማት ለሁሉም ፍሬሞች በጋራ ስለሚያከፋፍል ቁጥሩ ከሚመስለው ያነሰ ነው። ሁለተኛ፣ አንድ ፒክሰል (ምስሉ የተሠራበት ትንሿ ነጥብ) ወይ ሙሉ በሙሉ ይታያል ወይ ፈጽሞ አይታይም፤ በከፊል የሚያሳይ፣ እንደ ነጠላ የሳሳ ግልጽነት የለውም። ሦስተኛ፣ የፍሬም ቆይታ የሚለካው በሰከንድ መቶኛ ስለሆነ 25 ሚሊ ሰከንድ ብለው ቢጽፉ ወይ 20 ወይ 30 ሆኖ ይቀመጣል። እንቅስቃሴውን እጅግ ለማፍጠን 10 ሚሊ ሰከንድ የሚጽፉ ሰዎችም ተቃራኒውን ያገኛሉ፤ አብዛኞቹ ማሰሻዎች እንዲህ ያለውን ቁጥር ወደ 100 ሚሊ ሰከንድ ይመልሱታልና።

ደረጃ 1፦ ፊደሉን አስቀድሞ ማዘጋጀት

ጊምፕን ከመክፈትዎ በፊት በኮምፒዩተርዎ ላይ የዩኒኮድ (የዓለም ፊደላት የጋራ የኮምፒዩተር ሥርዓት) ግዕዝ ፊደል መኖሩን ያረጋግጡ። አቢሲኒካ፣ ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክና ኖቶ ሰሪፍ ኢትዮፒክ በነጻ ይገኛሉ፤ በብዙ የዊንዶውስ ኮምፒዩተሮች ላይ ኒያላ፣ በማክ ላይ ደግሞ ከፋ ይገኛል። የግዕዝ ፊደል ወደ ዩኒኮድ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው፤ ከዚያ በፊት በነበረው አሠራር የተጻፈን ጽሑፍ ከአሮጌ ሰነድ ገልብጠው ጊምፕ ውስጥ ቢለጥፉ የላቲን ፊደላት ዝብርቅ እንጂ አማርኛ አያዩም። ፊደል በሌለበት ደግሞ ባዶ ሳጥኖች ይደረደራሉ። አዲስ ፊደል የጫኑት ጊምፕ ክፍት ሳለ ከሆነ ዘግተው ይክፈቱት።

ደረጃ 2፦ የተጨመቀውን መፍታት

ጂፉን በ«ፋይል» እና በ«ኦፕን» ሲከፍቱ እያንዳንዱ ፍሬም እንደ አንድ ሌየር (በሌሎቹ ላይ የሚደረብ የምስል ንጣፍ) ሆኖ በሌየሮች ሰሌዳ ላይ ይደረደራል። የመጀመሪያው ፍሬም ከታች፣ የመጨረሻው ከላይ ነው፤ ይህን መገላበጥ ጀማሪን ሁሉ ያሳስታል። በየሌየሩ ስም ላይ በቅንፍ የተጻፈው ቁጥር ቆይታውን በሚሊ ሰከንድ የሚያመለክት ሲሆን፣ ከእርሱ ቀጥሎ ያለው ቃል ፍሬሙ በቀደመው ላይ ይደረብ እንደሆነ ወይም የቀደመውን አጥፍቶ ይተካ እንደሆነ ይናገራል።

አሁን የዓይን ምልክቶቹን ሁሉ አጥፍተው አንዱን የመካከል ፍሬም ብቻ ያብሩ። ሙሉ ጀበና ከማየት ይልቅ የእንፋሎት ቁራጭ ብቻ፣ ወይም የተቦጫጨቀ የሚመስል ምስል ቢያዩ አይደንግጡ። ጂፉን የሠራው ፕሮግራም ቦታ ለመቆጠብ ከፍሬም ወደ ፍሬም የተለወጠውን ክፍል ብቻ አስቀምጦ የቀረውን ጥሎታል። በዚህ ቁራጭ ላይ የሚጽፉት ጽሑፍ ከቁራጩ ጋር የሚቆራረጥ ስለሆነ ከሁሉ በፊት መፍታት ያስፈልጋል። «ፊልተርስ»፣ ቀጥሎ «አኒሜሽን»፣ ቀጥሎ «አንኦፕቲማይዝ» የሚለውን ይጫኑ። ጊምፕ አዲስ መስኮት ከፍቶ እያንዳንዱ ፍሬም ሙሉ የሆነበትን ቅጂ ያቀርብልዎታል፤ ከዚህ በኋላ ሥራው ሁሉ በዚህኛው ላይ ነው፣ አሮጌውንም ይዝጉት።

መፍታቱ በፍሬሞች አያበቃም፤ ቀለሙም መፈታት አለበት። «ኢሜጅ»፣ «ሞድ»፣ «አርጂቢ» የሚለውን ይምረጡ። ይህን ሳያደርጉ ቢጫ ቀለም ቢቀቡ፣ ጊምፕ ከጀበናዋ ቡናማና ጥቁር ሰሌዳ ውስጥ ለቢጫ ይቀርባል ያለውን ፈልጎ የሰናፍጭ ዓይነት ቀለም ይሰጥዎታል፤ ብዙዎቹ የማስዋቢያ ፊልተሮችም ደብዝዘው አይጫኑም።

ደረጃ 3፦ መጠኑን መወሰን

ምስሉን አሁኑኑ፣ ጌጥ ሳይጨመርበት፣ ወደ መጨረሻ መጠኑ ያውርዱት። በ«ኢሜጅ» ሥር «ስኬል ኢሜጅ» ብለው 480 በ480 ፒክሰል ያድርጉት። ምክንያቱ ሒሳብ ነው፦ 480 በ480 ማለት 230,400 ፒክሰል ሲሆን፣ በአንድ ፒክሰል አንድ ባይት ሲታሰብ በመጨረሻ የሚቀሩት 12 ፍሬሞች ከመጨመቃቸው በፊት 2.8 ሜጋ ባይት ገደማ ይሆናሉ። ያንኑ 800 በ800 ቢያደርጉት ወደ 7.7 ሜጋ ባይት ይወጣል። ተቀባዩ ምስሉን የሚከፍተው በገዛው የሞባይል ዳታ መሆኑን መርሳት የለብንም፤ በስልክ ስክሪን ላይ ደግሞ በሁለቱ መካከል ያለው የጥራት ልዩነት እምብዛም አይታይም።

የብርሃንና የቀለም እርማት የሚያስፈልግ ከሆነ በጂፉ ላይ ከመታገል ይልቅ ወደ ቪዲዮው ተመልሰው በስልክዎ ያስተካክሉና እንደ አዲስ ይለውጡት። ጂፉ አንዴ ወደ 256 ቀለማት ከወረደ የጠፋው ቀለም አይመለስም።

ደረጃ 4፦ ዙሩ እንዳይዘል ማድረግ

እንፋሎት መነሻና መድረሻ የለውም። 15ኛው ፍሬም ላይ ወደ ግራ ያዘነበለው እንፋሎት 1ኛው ፍሬም ላይ ወደ ቀኝ ከሆነ ዙሩ በተመለሰ ቁጥር ዓይን ይይዘዋል። አንዳንዶች ፍሬሞቹን ገልብጠው ወደ ኋላ በማስኬድ ይፈቱታል፤ ለሚወዛወዝ ዛፍ ያስኬዳል፣ እንፋሎት ግን ወደ ጀበናው ተመልሶ ሲገባ ማየት ያስቃል።

የተሻለው ዘዴ የመጨረሻዎቹን ሦስት ፍሬሞች በመጀመሪያዎቹ ሦስት ላይ ማቅለጥ ነው። የ13ኛውን ፍሬም ሌየር ጎትተው ልክ ከ1ኛው በላይ ያስቀምጡትና ኦፓሲቲውን (ከሥሩ ያለውን የመሸፈን መጠኑን) 75 ያድርጉ፤ ከዚያ «መርጅ ዳውን» በሚለው ከሥሩ ካለው ጋር ያዋህዱት። 14ኛውን በ2ኛው ላይ በ50፣ 15ኛውን በ3ኛው ላይ በ25 ኦፓሲቲ እንዲሁ ያድርጉ። ከ12ኛው ቀጥሎ በተፈጥሮ የሚመጣው 13ኛው ስለነበር፣ አሁን 12ኛው ሲያልቅ ተመልካቹ የሚያየው በአብዛኛው 13ኛውን የሚመስል ፍሬም ነው፤ እርሱም በሦስት እርምጃ እየሳሳ ለ4ኛው ቦታውን ይለቃል። 15 ፍሬሞች 12 ሆኑ፣ ዙሩም 1.2 ሰከንድ ሆነ። «ፊልተርስ»፣ «አኒሜሽን»፣ «ፕሌይባክ» ብለው ይመልከቱት፤ ስፌቱ የት እንደሆነ ካልለዩ ተሳክቷል።

ደረጃ 5፦ የማይንቀሳቀሰውን ማርጋት

ይህ ደረጃ ብዙ መመሪያዎች የሚዘሉት ነው፤ በእኔ ፍርድ ግን ጥሩን ከመናኛ የሚለየው እርሱ ነው። በስልክ የተቀረጸ ቪዲዮ ለዓይን የረጋ ቢመስልም ከበስተጀርባ ያለው ግድግዳ፣ ቄጤማው፣ ረከቦቱ በየፍሬሙ በጥቂቱ ይርመሰመሳሉ። ጌጥ ሲጨመር ያ መርመስመስ ጎልቶ ይወጣል፤ ፋይሉም ይከብዳል፣ ምክንያቱም የጂፍ መጭመቂያ ያልተለወጠውን ብቻ ነው መዝለል የሚችለው።

ስለዚህ ከ12ቱ ፍሬሞች ጥርት ያለውን አንዱን ይምረጡ፤ በ«ዱፕሊኬት ሌየር» ቅጂውን ያውጡና ከሁሉም በላይ ያስቀምጡት። ቅጂው የግልጽነት ሽፋን ከሌለው በሌየሩ ላይ በቀኝ ጠቅ አድርገው «አድ አልፋ ቻነል» ይበሉ። ቀጥሎ በነጻ እጅ መምረጫው እንፋሎቱ የሚደርስበትን አካባቢ ሁሉ፣ ከጀበናው አፍ ጀምሮ ሽቅብ፣ ከዳር ዳር ሰፋ አድርገው ይክበቡት፤ በ«ሴሌክት» ሥር ባለው «ፌዘር» ጠርዙን በ15 ፒክሰል ያለስልሱና «ዲሊት» ይጫኑ። አሁን መስኮት የተከፈተበት አንድ የረጋ ምስል አገኙ፤ በመስኮቱ በኩል የሚታየው እንፋሎቱ ብቻ ነው። እንዲህ አንዱ ነገር ብቻ የሚንቀሳቀስበት ምስል ሲኒማግራፍ ይባላል።

የፍሬሞቹን የዓይን ምልክት በየተራ እያበሩና እያጠፉ በመስኮቱ ጠርዝ ላይ የሚቆረጥ እንፋሎት እንደሌለ ይፈትሹ። የተቆረጠ ካለ መስኮቱን በማጥፊያው ጥቂት ያስፉት።

ደረጃ 6፦ የአማርኛውን ጽሑፍ ማሳረፍ

በጽሑፍ መሣሪያው «እንኳን አደረሳችሁ» ብለው ይጻፉ። የግዕዝ ፊደል ከላቲኑ የበለጠ ዝርዝር አለው፤ ሲ እና ሴ፣ ቸ እና ተ፣ ኘ እና ነ የሚለዩት በአንዲት ትንሽ ጭረት ነው፤ ያች ጭረት ከሁለት ፒክሰል ካነሰች ቀለሙ ወደ 256 ሲወርድ ትጠፋለች። በ480 ፒክሰል ምስል ላይ ከ40 ፒክሰል ያላነሰ፣ ወፈር ያለ ፊደል ይምረጡ። ረጅም ምርቃት ማስፈር ከፈለጉ ፊደሉን ከማሳነስ ቃሉን ማሳጠር ይሻላል።

ጽሑፉ ከበስተጀርባው ተለይቶ እንዲታይ ዙሪያውን ጥቁር ቡናማ ጠርዝ ያስይዙት። አሠራሩ እንዲህ ነው፦ የጽሑፉን ሌየር በቀኝ ጠቅ አድርገው «አልፋ ቱ ሴሌክሽን» ይበሉ፤ ፊደላቱ በነጠብጣብ ይከበባሉ። በ«ሴሌክት» ሥር «ግሮው» ብለው 3 ፒክሰል ያስፉት። ከጽሑፉ ሌየር በታች አዲስ ባዶ ሌየር ፈጥረው ምርጫውን በቡናማ ይሙሉት። ወርቃማ ቀለም እየደመቀና እየደበዘዘ የሚሄድበትን ቅብ ግን አልመክርም። ያ ቅብ ብቻውን በርካታ ቀለማት ስለሚበላ ለጀበናዋና ለእንፋሎቱ የሚቀረው ይቀንሳል፤ ውጤቱም ወርቅ ሳይሆን የተሰነጣጠቀ ቢጫ ይሆናል። አንድ ወጥ ቢጫ ከነቡናማ ጠርዙ የበለጠ ያምራል።

ለጠርዝ ጌጥ የጥበብ ጥለት የሚመስል ቅጥ መሥራት ለሚወድ ሰው ጊምፕ ምቹ ነው፤ 24 ፒክሰል ስፋት ያለው አንድ ቅጥ ሠርተው 20 ጊዜ ቢደጋግሙት 480ን ሳይተርፍና ሳይጎድል ይሞላዋል። ቀለሞቹን በአራት ወይም በአምስት ይወስኑ።

ወደ ማዋሐድ ከመሄድዎ በፊት ሥራውን በጊምፕ የራሱ ፋይል፣ ሌየሮቹ እንደተለያዩ፣ ያስቀምጡ። ይህን ቅጂ በኋላ እንፈልገዋለን።

ደረጃ 7፦ የረጋውን ጌጥ በሁሉም ፍሬም ላይ ማዋሐድ

ጽሑፉን፣ የጽሑፉን ጠርዝ፣ ጥለቱንና መስኮት ያለውን የረጋ ምስል በ«መርጅ ዳውን» አንድ በአንድ እያዋሐዱ ወደ አንድ ሌየር ይለውጧቸው። ይህን ሌየር አባዝተው 12 ያድርሱት፤ አንዱን ቅጂ ከእያንዳንዱ ፍሬም በላይ አስቀምጠው «መርጅ ዳውን» ይበሉ። ሲዋሐዱ የታችኛው ሌየር ስም ስለሚቀር የፍሬሙ ቆይታ አይጠፋም። አንዱን እንኳ ከዘለሉ አክስቴ ያየችው ብልጭታ ይፈጠራልና እየቆጠሩ ይሥሩ፤ በመጨረሻ በሰሌዳው ላይ ልክ 12 ሌየሮች መቅረት አለባቸው።

አሰልቺ ነው፤ አሥር ደቂቃ ግን አይፈጅም። ጌጡን በመጀመሪያው ፍሬም ላይ ብቻ አድርጎ ሌሎቹን እንዲደረቡበት መተው ፈጣን ይመስላል፤ ሙሉ በሙሉ የተፈቱት ፍሬሞች ግን ሲመጡ ጌጡን ይሸፍኑታል።

ደረጃ 8፦ አደይ አበቦቹን ማውረድ

የሚወርድ ጌጥ ዙሩ ሲመለስ እንዳይዘል የሚያደርገው ስሌት ቀላል ነው። አንድ አበባ ከ480 ፒክሰል አናት እስከ ግርጌ በ12 ፍሬሞች ይውረድ ካልን በየፍሬሙ 40 ፒክሰል መውረድ አለበት፤ ይህም በ1.2 ሰከንድ ውስጥ ማለቅ ስለሆነ አበባ ሳይሆን የተወረወረ ድንጋይ ይመስላል። ይልቁንስ አንድ ዓይነት የሆኑ አራት አበቦችን በ120 ፒክሰል ርቀት ከላይ ወደ ታች ይደርድሩ። አሁን እያንዳንዱ አበባ በ12 ፍሬሞች 120 ፒክሰል ብቻ ወርዶ የቀጣዩን ቦታ ይይዛል፤ በየፍሬሙ 10 ፒክሰል ማለት ነው፣ ፍጥነቱም በአራት እጅ ይቀንሳል። አበቦቹ አንድ ዓይነት ስለሆኑ ተመልካቹ መተካካታቸውን አያውቅም።

በምስሉ ሙሉ መጠን አዲስ ባዶ ሌየር ፈጥረው አራቱን አበቦች በቀኝ ዳር፣ ጽሑፉን በማይነኩበት ቦታ ይሣሉ። ሌየሩን ያባዙና ቅጂውን በ«ሌየር»፣ «ትራንስፎርም»፣ «ኦፍሴት» ቁልቁል 10 ፒክሰል ያንቀሳቅሱት፤ ከግርጌ የወጣው ከአናት እንዲገባ የሚያደርገውን «ራፕ አራውንድ» መምረጥዎን አይርሱ። ያንን ደግሞ አባዝተው ሌላ 10፣ እንዲህ እያሉ 0፣ 10፣ 20 ብለው እስከ 110 ይድረሱ። 120 የሚለውን አይሥሩ፤ እርሱ ከ0 ጋር አንድ ስለሆነ አበቦቹ በየዙሩ ለአንድ ፍሬም ቆም ይላሉ። 0ውን ከ1ኛው ፍሬም ጋር፣ 10ን ከ2ኛው ጋር፣ በዚህ ቅደም ተከተል እስከ መጨረሻው ያዋሕዱ።

አበቦቹን በሁለቱም ጎን ማድረግ ይቻላል፤ ፋይሉ ግን ይከብዳል። እኔ በአንድ ጎን እተወዋለሁ። ብልጭልጭ የሚወዱ ሰዎችም አንድ ነገር ያስቡ፦ በሰከንድ ከሦስት ጊዜ በላይ ሙሉ ምስሉን የሚያበራና የሚያጠፋ ብልጭታ የሚጥል በሽታ ላለበት ሰው አደጋ አለው። በትንሽ ቦታ ላይ፣ ቀስ ብሎ የሚያበራ ኮከብ ይበቃል።

ደረጃ 9፦ እንደገና መጎንጎን

«ኢሜጅ»፣ «ዱፕሊኬት» ብለው የምስሉን ቅጂ ያውጡና በቅጂው ላይ ብቻ ይሥሩ። በ«ሞድ» ሥር «ኢንዴክስድ» የሚለውን ይምረጡ፤ የቀለሙን ቁጥር መጀመሪያ በ128 ይሞክሩት፤ እንፋሎቱ ደረጃ ደረጃ ከሠራ ወደ 256 ያሳድጉት።

በዚሁ መስኮት የሚገኘው የዲተሪንግ (የጎደሉ ቀለማትን ባሉት ቀለማት ነጠብጣብ የማስመሰል) ምርጫ ለረጋ ፎቶና ለተንቀሳቃሽ ምስል የተለያየ ነው። ፍሎይድ ስታይንበርግ የተባለው ዘዴ ለአንድ ፎቶ ድንቅ ቢሆንም፣ ነጠብጣቦቹን በየፍሬሙ በተለያየ ቦታ ስለሚጥል በደረጃ 5 ያረጋነው ግድግዳ እንደገና መርመስመስ ይጀምራል። «ፖዚሽንድ» የሚለው ግን ነጠብጣቡን በቋሚ ቦታ ስለሚያደርግ ያልተለወጠው ሳይለወጥ ይቆያል። ሁልጊዜ እርሱን ይምረጡ።

ከዚያ ምስሉን 200 በመቶ አቅርበው አበቦቹን ይመልከቱ። ጊምፕ ቀለሞችን የሚመርጠው በሸፈኑት ስፋት ስለሆነ፣ ትንሽ ቦታ የያዘው ቢጫ ለሰፊው ቡናማ ተሠውቶ ሊደበዝዝ ይችላል። ይህ ከሆነ ለውጡን ይመልሱና የበስተጀርባውን የቀለም ብዛት በ«ከለርስ» ሥር ባለው «ፖስተራይዝ» ይቀንሱ። ይህን የሚያደርጉት ግን በደረጃ 6 ካስቀመጡት ፋይል፣ በረጋው ሌየር ላይ ነው።

አሁን «ፊልተርስ»፣ «አኒሜሽን»፣ «ኦፕቲማይዝ ፎር ጂፍ» ይበሉ። በመጀመሪያ የፈታነውን ይህ መልሶ ያስረዋል፤ ከፍሬም ወደ ፍሬም ያልተለወጠውን ጥሎ የተለወጠውን ብቻ ያስቀራል። በ«ፕሌይባክ» ሁለት ሦስት ዙር አይተው፣ «ፋይል»፣ «ኤክስፖርት አዝ» ብለው ስሙን በጂፍ ቅጥያ ያስቀምጡ። በሚወጣው መስኮት «አስ አኒሜሽን» የሚለው ካልተመረጠ የሚያገኙት የማይንቀሳቀስ አንድ ምስል ነው። ሳያቋርጥ እንዲደጋገም የሚያዘውንም ይምረጡ። ቆይታ ላልተጻፈበት ፍሬም የሚሰጠውን ቁጥር 100 ላይ ይተዉት።

ግልጽ ዳራ ለሚፈልጉ

ጀበናዋን ከዳራዋ ቆርጠው፣ በማንኛውም ቀለም ላይ የምትቀመጥ ተለጣፊ ለማድረግ ከፈለጉ፣ መግቢያው ላይ የጠቀስነው ነጭ ነጠብጣብ የሚፈጠረው እዚህ ነው። የለሰለሰ ጠርዝ በከፊል የሚያሳይ ፒክሰል ይፈልጋል፤ ጂፍ ደግሞ እርሱን አያውቅም። ምስሉ የሚያርፍበት ገጽ ቀለም የሚታወቅ ከሆነ ያንን ቀለም የጊምፕ የጀርባ ቀለም አድርገው «ሌየር»፣ «ትራንስፓረንሲ»፣ «ሴሚ ፍላተን» ይበሉ፤ የጠርዙ ፒክሰሎች ከዚያ ቀለም ጋር ይቀላቀላሉ። ቀለሙ የማይታወቅ ከሆነ ግን የተሻለው ወፍራም ወጥ ጠርዝ ዙሪያውን ማስያዝ ነው። የሳሳ ግልጽነት የግድ ከሆነ ደግሞ ጊምፕ ዌብፒ የተባለ ሌላ ዓይነት ተንቀሳቃሽ ምስልም ያወጣል፤ እርሱ የ256 ቀለም ገደብ የለበትም።

ሲላክ

ቴሌግራምና ዋትሳፕ ጂፍን እንደ ጂፍ አያስተላልፉም፤ ድምፅ ወደሌለው ቪዲዮ ይለውጡታል። ስለዚህ ግልጽ ዳራ ይጠፋል፣ ቀጭን ጭረትም ይደበዝዛል። ለሁሉም ከመበተንዎ በፊት ለራስዎ ልከው በስልክ ላይ ይመልከቱት፤ ተቀባዩ ዋናውን ፋይል እንዲያገኝ ከፈለጉ በፎቶ በኩል ሳይሆን በፋይል አድርገው ይላኩ።

በደረጃ 6 ያስቀመጥነው ፋይል አገልግሎቱ እዚህ ላይ ይታያል። «አደረሳችሁ» የሚለው ለቤተሰብ ስብስብ ይሆናል፤ ለአንድ አዛውንት ግን «እንኳን አደረሰዎ» ማለት ይገባል፣ ለእኩያ ሴት «አደረሰሽ»፣ ለወንድ «አደረሰህ»። ፋይሉን ከፍተው የጽሑፉን ሌየር ብቻ ይለውጡ፣ የጠርዙን ሌየር ከአዲሱ ጽሑፍ ላይ እንደገና ይሥሩ፣ ከዚያ ከደረጃ 7 ይቀጥሉ። ዓመተ ምሕረቱን መጻፍ የሚፈልጉ ከሆነ ለብቻው በሆነ ሌየር ላይ ያድርጉት፤ በሚቀጥለው ጳጉሜን የሚለውጡት እርሱን ብቻ ይሆናል።